መልስ፦ በስፔሻል ኦሊምፒክስ የችቦ ቅብብል ላይ ፖሊሶች ለምን ይሮጣሉ?

ወንድሜ፣ ስለ ስፔሻል ኦሊምፒክስ (የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው አትሌቶች ስለሚዘጋጀው የስፖርት ውድድር) ስትጠይቀኝ «ችቦውን ፖሊሶች የሚይዙት ለጥበቃ ነው ወይ? ውድድሩስ ከፓራሊምፒክ በምን ይለያል?» ላልከው ልመልስልህ።

ለጥበቃ አይደለም። ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት፣ ዊቺታ ከተማ ነው። የከተማዋ የፖሊስ አዛዥ ሪቻርድ ላምኒየን ለስፔሻል ኦሊምፒክስ ገንዘብ ለማሰባሰብና ሕዝቡ ስለ አትሌቶቹ እንዲያውቅ ብሎ ፖሊሶቹን አስሮጠ። ሐሳቡ ከዚያ ወደ ሌሎች ከተሞች፣ ቀጥሎም ወደ ብዙ አገሮች ተዛመተ። እሳቱ «የተስፋ ነበልባል» ይባላል፤ ለስፔሻል ኦሊምፒክስ የዓለም ጨዋታዎች ሲሆን አቴንስ ላይ ተለኩሶ ይጓዛል። ደግሞ ፖሊሶቹ ብቻቸውን አይሮጡም፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው አትሌቶችም አብረዋቸው ችቦውን ይይዛሉ። ለእኔ ዋናው ነገር እሱ ነው። አትሌቱ ከመንገድ ዳር ቆሞ የሚጨበጨብለት እንግዳ ሳይሆን ራሱ ሯጭ ነው።

ከፓራሊምፒክ ጋር ብዙ ሰው ያምታታዋል (እኔም ድሮ አምታታ ነበር)። ፓራሊምፒክ በዋናነት የአካል ጉዳት ወይም የማየት ችግር ያለባቸው ምርጥ አትሌቶች የሚፎካከሩበት ነው፤ የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ያሉት ዘርፎች ጥቂት ናቸው። ዩኒስ ኬኔዲ ሽራይቨር እ.ኤ.አ. በ1968 የመሠረተችው ስፔሻል ኦሊምፒክስ ግን ለእነሱ የተዘጋጀ ነው። ተወዳዳሪዎች በዕድሜ፣ በጾታና በችሎታ ይመደባሉ። ስለዚህ ፍጥነት የሌለው ሯጭም ከመሰሎቹ ጋር ተሰልፎ ወርቅ ሊያጠልቅ ይችላል።