ከኮርቻው ከወረዳችሁ በኋላ

ብስክሌት ይዛችሁ አውሮፓ ለመውጣት የምታስቡ ልጆች ትጠይቁኛላችሁ። ጥያቄው ሁሌም ያው ነው። ፔዳሉን በስንት ዋት ኃይል ልግፋ? የትኛው ቸርኬ ይሻላል? ስንት ኪሎ ልቀንስ? እኔ ወጌሻ ነኝ። ዕድሜዬን የፈጀሁት የጋላቢ እግር በማሸትና ኮዳ በመሙላት ነው። ማሻው አልጋ ላይ የሚጋደም ልጅ ደግሞ ስለ ዋት አያወራም። ሆዱ ውስጥ ያለውን ነው የሚያወራው። ስለዚያ ልጻፍላችሁ።

የስፔኗን ጂሮና እንውሰድ። ከባርሴሎና ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ግድም ነች። ትንሽ ከተማ ናት፤ ከየአገሩ የመጣ ፕሮፌሽናል ጋላቢ ሰፍሮባታል። ብርዱ አይከፋም፣ ወጣ እንዳላችሁ እነ ኤልስ አንጀልስንና ሮካኮርባን የመሰለ ዳገት አለ። ጠዋት ትመዘናላችሁ፣ አጃ ወይም ሩዝ ትበላላችሁ። ከዚያ አራት አምስት ሰዓት መንገድ ላይ ናችሁ። ስትመለሱ ትበላላችሁ፣ ትታጠባላችሁ፣ ካቴናውን ጠርጋችሁ ትቀባላችሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሲል ሥራ አልቋል።

ከዚያስ? ከዚያ መጋደም ነው። እግር ማረፍ አለበት፣ ከተማ መዞር የለም። ቋንቋውን አታውቁትም። አብሯችሁ የሚኖረው ኮሎምቢያዊ ጥሩ ልጅ ነው፣ ግን ማዳመጫ ጆሮው ላይ ሰክቶ ነው የሚውለው። አገር ቤት ልምምድ ሲያልቅ ቡና አለ፣ ጨዋታ አለ፣ የሚያበሽቃችሁ ጓደኛ አለ። እዚያ ያለው አራት ግድግዳና ስልክ ነው። ዳገት ያልበገራቸው ልጆች ሲሰበሩ ያየሁት በነዚህ ሰዓታት ነው። ማታ ይደውላሉ፣ እስከ እኩለ ሌሊት ያወራሉ፣ ጠዋት ደክሟቸው ይነሳሉ። አሰልጣኙ የሚያየው ድካሙን ብቻ ነው።

ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ምግብ ማብሰልና ቋንቋ ተማሩ። ወንዶቹን ነው በተለይ የምለው። "እናቴ ነች የምትሠራልኝ" እዚያ አይሠራም። ቋንቋውን ደግሞ ተጋድማችሁም መማር ትችላላችሁ፣ ሰዓቱም ይገፋል።

የምግብ ነገር ከተነሳ፣ ባዶ ሆድ ረጅም መጋለብ ጀግንነት የሚመስላቸው አሉ። ዛሬ በውድድር ላይ በሰዓት 60፣ 90 ግራም ካርቦሃይድሬት ይወሰዳል፤ ከዚያም በላይ የሚወስዱ አሉ። አንጀት ይህን የሚለምደው በልምምድ ነው። ከዚያ ጾም ይመጣል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ የሚውለውም የቤልጂየም የጸደይ ውድድሮች በሚጦፉበት ወቅት ነው። ጹሙ አትጹሙ ማለት የኔ ድርሻ አይደለም፣ እሱን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ። የኔ ድርሻ ለቡድኑ ሐኪም አትደብቁ ማለት ነው። ምስር፣ ሽሮ፣ ሩዝና ፓስታ በልቶ መጋለብ ይቻላል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ አምስት ሰዓት መጋለብ ግን ጤና ማበላሸት ነው። ቀድማችሁ ከተናገራችሁ ምግቡን ያስተካክሉላችኋል። ካልተናገራችሁ ሰነፍ ትባላላችሁ።

የአበረታች መድኃኒት ምርመራውንም እወቁት። በተመርማሪዎች መዝገብ ከገባችሁ በየቀኑ የት እንደምትገኙ፣ ለ60 ደቂቃ፣ ቀድማችሁ ታስመዘግባላችሁ። በ12 ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ከታጣችሁ ምንም ሳትወስዱም ጥፋተኛ ትሆናላችሁ። ጓደኛ ቤት ልታድሩ ከሆነ አድራሻውን ቀይሩ። ከአገር ቤት በሰው በርበሬና ቆሎ ይምጣላችሁ። የጉንፋን ኪኒን ከመጣ ግን ሐኪም ሳያየው አትዋጡ።

እግራችሁን አልጠራጠርም። አዲስ አበባ ወይም መቀሌ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ያደገ ልጅ ሳንባ አለው። ቤልጂየም ግን ሜዳና ነፋስ ነው። በጠባብ መንገድ ከመቶ በላይ ሰው ክንድ ለክንድ ይጋፋል። ነፋሱ ከጎን ሲመታ ሰልፉ ይበጣጠሳል፣ ኋላ ያለ ተቆረጠ ማለት ነው። ይህን ብቻችሁን ዳገት በመውጣት አትለምዱትም። ቀጥታ ቡድን አስገባችኋለሁ ከሚል ደላላ ይልቅ ማሠልጠኛ ማዕከል የምመርጠው ለዚህ ነው። ፅጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ከዚያ በፊት በደቡብ አፍሪካው የዓለም ብስክሌት ማኅበር ማዕከል ሠልጥኗል። ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይም ስዊዘርላንድ ኤግል ባለው ማዕከል ነው ያለፈው።

ስለ ቢንያም ሁሉም ድሉን ያወራል። እኔ የምወድለት ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 ጌንት ቬቬልገም የሚባለውን የቤልጂየም ውድድር አሸነፈ፤ ከአፍሪካ የመጀመሪያው ነበር። በሳምንቱ ታላቁ የፍላንደርስ ውድድር ነበር፣ ይጋልብ የማይል ሰው አልነበረም። እሱ ግን ወራት ከቤቱ ርቆ ነበርና እንዳቀደው አስመራ ገባ፣ ባለቤቱና ልጁ ጋ። ብዙዎች አበደ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 በቱር ደ ፍራንስ ሦስት የቀን ውድድሮችን አሸንፎ ብዙ ነጥብ ለሰበሰበ የሚሰጠውን አረንጓዴ ማሊያ ወሰደ። ቤቱ መሄዱ አሸነፈለት አልልም። ግን ምን አጎደለበት?

እና ውል ሲቀርብላችሁ ከደመወዙ ጋር ሌላም ነገር ጠይቁ። ቪዛው የአጭር ጊዜ ከሆነ በሼንገን አገሮች ከ180 ቀን ውስጥ 90ውን ብቻ ነው የምትቆዩት፤ የመኖሪያ ፈቃዱን ማን ነው የሚያስጨርሰው? በዓመት ስንቴ፣ በየትኛው ወር ነው አገር ቤት የምትገቡት? የአውሮፕላኑን ቲኬትስ ማን ይከፍላል? መልሱ ውሉ ላይ ይጻፍላችሁ።