ሳዴ ሳቲ ላይ ነሽ ለተባልሽው እህቴ፦ ከማንትራው በፊት የልደት ቀንሽን አጣሪ

ውድ እህቴ፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ሕንድ አገር ፑኔ እንደመጣሽ አከራይሽ ኮከብ ቆጣሪ ዘንድ ወስደውሽ፣ እሱም «ሳዴ ሳቲ ላይ ነሽ፤ የሸኒ ማንትራ 23,000 ጊዜ ካልተደገመልሽ ትምህርትሽ አይጠናቀቅም» ብሎ 15,000 ሩፒ እንደጠየቀሽ፣ አንቺም «ልክፈል ወይስ ራሴ ልድገመው?» ብለሽ የጻፍሽውን አነበብሁ። ሳዴ ሳቲ የሚሉት ሸኒ፣ ማለትም ዙሐል የተባለው ፕላኔት፣ ስትወለጂ ጨረቃ በነበረችበት ኮከብና በግራ ቀኙ የሚያልፍበትን ሰባት ዓመት ተኩል የመከራ ዘመን ነው፤ ማንትራ ደግሞ እየተደጋገመ የሚባል የጸሎት ቃል ነው። እኔ እዚያው ከተማ በ2023 እ.ኤ.አ. 21,000 ሩፒ ከፍያለሁና የደረሰብኝን ልንገርሽ።

1ኛ፦ ለቆጣሪው የሰጠሽውን የልደት ቀን መርምሪ። የአንቺም ፓስፖርት እንደ እኔው የተሳሳተ ቀን ይዞ ሊሆን ይችላል። የእኛ አገር ደብተራ በስምና በእናት ስም ስለሚቆጥር የልደት ሰዓት ቢዛነፍ ግድ የለውም፤ ሕንዶቹ ግን ኩንድሊ የሚሉትን ሰንጠረዥ የሚያወጡት ከተወለድሽበት ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ተነሥተው ነው። ጨረቃ ከ12ቱ ኮከቦች በአንዱ ላይ የምትቆየው ሁለት ቀን ከሩብ ያህል ነው፤ በምሥራቅ አድማስ የሚወጣው ኮከብ ደግሞ በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ይለወጣል። ስለዚህ የስድስት ሰዓት ስህተት ሦስት ኮከብ ያሻግራል፤ የስምንት ቀን ስህተት ደግሞ ጨረቃሽን ጭራሽ ሌላ ሰፈር ያሳድራታል።

2ኛ፦ ለሌላ ሰው ከፍለሽ አታስደግሚ። ይህን ስል ማንትራውን ንቄ አይደለም። አማካሪዬ የመመረቂያ ጽሑፌን ስምንት ወር ሙሉ ሳያነብ ስላስቀመጠብኝ፣ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ አዝኖልኝ አንድ ስሙን ወደማልጠራው የኮከብ ቆጠራ ጽሕፈት ቤት ወሰደኝ። በፓስፖርቴ ላይ ያለውን ጃንዋሪ 12 ቀን 1989 እ.ኤ.አ. ሰጠሁ፤ ሰዓቱንም እናቴ «ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት» ትል ስለነበር በቅጹ ላይ እንዳለ 3 ብዬ ሞላሁ። ጨረቃዬ ደለዊ በሚባለው ኮከብ ላይ ወጣች፤ በዚያ ዓመት ሸኒ፣ ማለትም ዙሐል፣ ደለዊ ውስጥ ስለነበረ «የሳዴ ሳቲው እምብርት ላይ ነዎት» ተባልሁ። ፓንዲቱ፣ ማለትም የሂንዱ ካህኑ፣ ሥነ ሥርዓቱን ሲጀምር ስሜንና ጎትራዬን፣ ማለትም የዘር ሐረጌን ጠየቀኝ፤ የለኝም ስለው ጎትራውን ለማያውቅ ሰው እንደሚደረገው «ካሽያፕ» ብሎ ጠራኝና የዚያን ዕለት የካሽያፕ ዘር ሆኜ ዋልሁ። 23,000ው መደገሙን የሚያሳይ ማስረጃ ብለው ከሳምንት በኋላ የላኩልኝ ግን የአራት ደቂቃ ቪዲዮ ነበር።

ያን ጊዜ ተናድጄ ራሴ ጀመርሁ። ማላ የሚሉት መቁጠሪያ 108 ፍሬ ቢሆንም ስምንቱ ለስህተት ማካካሻ ተትተው 100 ተብሎ ስለሚቆጠር፣ 23,000 ማለት 230 ማላ ነው። በየቀኑ ጎሕ ሳይቀድ ስድስት ስድስት እያደረግሁ፣ አንድም ቀን ሳላጓድል በ39ኛው ቀን ጨረስሁ። አንዱ ማላ ስድስት ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ፍሬውን በአውራ ጣትና በመሐል ጣት ነው የምትገፊው፤ ጠቋሚ ጣት አይነካውም። ሜሩ ከሚባለው ትልቅ ፍሬ ስትደርሺም አትሻገሪውም፤ ማላውን አዙረሽ ወደመጣሽበት ትመለሻለሽ። እኔን እጄ ቶሎ የለመደው አያቴ በመቁጠሪያዋ 41 እግዚኦታ ስታደርስ አጠገቧ እየተቀመጥሁ ስላደግሁ ይመስለኛል። (የንስሐ አባቴ ይህን ንጽጽር ሲሰሙ ያሉኝን እዚህ አልጽፈውም።) ንባቡን በተመለከተ አትስጊ። «ኦም ሸም ሸነይሽቸራየ ነመሀ» ነው፤ ፈረንጆቹ «ሻ» እያሉ የሚያስረዝሙትን አጭር ድምፅ እኛ በግዕዙ «ሸ» እንጠራዋለን። ሰፈራችን ያለው የሂንዱ ቤተ መቅደስ አዛውንት ካህን ሰምተውኝ «ይህን የት ተማርህ?» ብለውኛል፤ አሁንም ሳስታውሰው ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ልደት ቀኔ ልመለስ። በ2024 እ.ኤ.አ. ለጥምቀት እናቴ ዘንድ ስደውል «ነገ ልደትህ አይደል? ሚካኤል ሲገባ እኮ ነው የወለድኩህ» አለችኝ። ስልኩን ይዤ ቀረሁ። በተወለድሁበት ዓመት ጥምቀት ጃንዋሪ 19 ከነበረ ማግስቱ እንዴት ጃንዋሪ 12 ይሆናል? ለካስ ከዓመታት በፊት የፓስፖርት ቅጼን የሞላልኝ የደጅ ጸሐፊ ጥር 12 ቀን 1981 ዓ.ም.ን ሲቀይር ዓመቱ ላይ ብቻ ስምንት ደምሮ፣ ቀኑን እንዳለ ትቶት ኖሯል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ደግሞ በእነሱ አቆጣጠር ዘጠኝ ሰዓት ነው። ጃንዋሪ 20፣ ጠዋት 9፣ አዲስ አበባ ብዬ እንደገና ሳስወጣው ጨረቃዬ ጀውዛ ላይ ተገኘች፤ ሳዴ ሳቲዬም ሸኒ ከጀውዛ በፊት ወዳለው ሰውር ሲገባ፣ ገና ከዓመታት በኋላ የሚጀምር ሆነ። 21,000 ሩፒ የተከፈለውም፣ ያ ሁሉ ማለዳ የተነሣሁትም በእኔ ላይ ላልነበረ ሰማይ ነው።

ሁለቱን ሰንጠረዦች ይዤ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄድሁ። ተቀባዩ ዓይኑን ከሻዩ ብርጭቆ ሳያነሣ «ማንትራው በሰጡን ቀን መሠረት በትክክል ተደግሟል፤ ስህተቱ የእርስዎ ነው» አለኝ። ከፊሉን እንኳ መልሱልኝ ስለው አዲሱን ሰንጠረዥ ወደ ውስጥ አስገብቶ ተመለሰና «አሁን ራሁ (እንደ ሸኒ የሚፈሩት ሌላው ፕላኔታቸው) ታይቶብዎታል፤ የራሁ ድግም 18,000 ጊዜ ነው፤ ቅናሽ እናደርጋለን» አለ። 21,000 ሩፒ የሁለት ወር የቤት ኪራዬ ነበር። በነገርሽ ላይ ዙሐል የጨረቃሽን ኮከብ፣ ከእሱ በፊት ያለውንና ቀጣዩን እያንዳንዳቸውን በሁለት ዓመት ተኩል ስለሚያቋርጥ፣ በየትኛውም ዕለት ከ12ቱ ኮከቦች ሦስቱ ሳዴ ሳቲ ውስጥ ናቸው። ደጁን ከሚረግጡት አራት ሰዎች አንዱ ገና ሳይቀመጥ ሸኒ ተይዞለታል ማለት ነው።

የአማካሪዬ ነገር እንዴት አለቀ ብትዪ፣ ሁለት ቀን ከቢሮው ደጃፍ ወንበር ስቤ ተቀምጬ ፈርሟል። ድግሙን አልጸጸትበትም፤ ያ የማለዳ ግማሽ ሰዓት ልቤን አሳርፎልኝ ነበር። ደስ ካለሽ ራስሽ ድገሚው፤ ማላው ከአንድ ምሳ ዋጋ አይበልጥም። ለሸኒ ብለው ሰማያዊ ሰንፔር ግዢ ካሉሽ ግን እሺ አትበይ።

ለአሁኑ 15,000ውን ሳትከፍዪ እናትሽ ዘንድ ደውዪ። «መቼ ተወለድሁ?» ብለሽ አትጠይቂ፤ የፓስፖርቱን ቀን መልሰው ሊነግሩሽ ይችላሉ። የትኛው በዓል ቀርቦ እንደነበር፣ ፀሐይ ወጥታ እንደነበርና ማን አጠገባቸው እንደነበረ ጠይቂያቸው። ያሉሽን እዚሁ ጻፊልኝና ቀኑን እኔ እቀይርልሻለሁ።