«ታርቀናል፤ ታዲያ ወንድሜ ለምን አይፈታም?»

ጥያቄ፦ የምጽፍላችሁ ከቢቸና አካባቢ ነው። ወንድሜ 22 ዓመቱ ነው። ከጓደኛው ጋር ሆነው ከገበያ የሚመለስ እህል ነጋዴ መንገድ ላይ አስቁመው ብርና ስልክ ወሰዱበት። ዱላ የያዘው ጓደኛው ነበር፤ ሰውዬውን ትከሻው ላይ መቶታል። እኛ ሽማግሌ ልከን፣ ብሩንም ስልኩንም መልሰን፣ ካሣ ከፍለን ታረቅን። ነጋዴው ይቅር ማለቱን ፈርሟል። ወንድሜ ግን እንደታሰረ ነው። ዋስትና ተከለከለ፤ ክሱ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 671፣ በከባድ ውንብድና ነው አሉን። ዘመዶች «ቶሎ እመን፣ ይቀልልሃል» እያሉት ነው። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ እህቴ፣ እርቁ ክሱን አይዘጋውም። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምነግርሽ ብዙ ቤተሰብ ያለ የሌለውን ገንዘብ ለካሣ አውጥቶ «በቃ ጉዳዩ በሽማግሌ አልቋል» ብሎ ስለሚቀመጥና ልጁ ችሎት ፊት ብቻውን ስለሚቆም ነው።

እንደ ስድብ ያሉ በግል አቤቱታ የሚቀርቡ ወንጀሎች አሉ። እነሱ ላይ ተበዳዩ ይቅር ካለ ነገሩ ያበቃል። ውንብድና (በኃይል ወይም በማስፈራራት መዝረፍ) ግን እንደዚያ አይደለም፤ ከሳሹ ነጋዴው ሳይሆን ዐቃቤ ሕግ ነው። የ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 122 ዐቃቤ ሕግ ከፍርድ በፊት ፍርድ ቤቱን አስፈቅዶ ክስ እንዲያነሳ ይፈቅድለታል። ሁለት ወንጀሎችን ግን ለይቶ አስቀርቷል፤ ከባድ የሰው ግድያና ከባድ ውንብድና። ሕጉ የሚጠቅሰው በድሮው የወንጀል ሕግ ቁጥር 637 ብሎ ነው፤ የዛሬው 671 መሆኑ ነው። ስለዚህ «ዐቃቤ ሕጉን አናግሬ አስነሳልሃለሁ» እያለ ብር የሚጠይቃችሁ ደላላ ካለ እባክሽ አንድ ሳንቲም እንዳትሰጡት።

ታዲያ እርቁ ከንቱ ነው ወይ? በፍጹም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ከልብ መጸጸትን፣ የተበደለን መካስንና የቀድሞ መልካም ጠባይን ቅጣት ማቅለያ ያደርጋቸዋል። ሽማግሌዎቹ የፈረሙበትን የእርቅ ወረቀት በደንብ አስቀምጪ። ምን ያህል ብር እንደተመለሰ፣ መቼ፣ በማን ፊት የሚለው ተጽፎበት ይሁን። የሚቀርብበት ጊዜ አለው፤ ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ ችሎቱ የቅጣት አስተያየት ሲጠይቅ ነው። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ነጋዴውን «ፍርድ ቤት ስትቀርብ አላየሁም በል» ብላችሁ እንዳትለምኑት። ምስክር ማባበል ራሱ ሌላ ወንጀል ነው፤ እናንተንም ያሳስራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ አንቀጹ። ዝም ብሎ ሰው ሳያይ ኪስ መግባት ስርቆት ነው። ኃይል ወይም ከባድ ማስፈራራት ሲጨመርበት ውንብድና ይሆናል፤ ያ 670 ነው፣ እስከ 15 ዓመት ጽኑ እሥራት ያስቀጣል። በቡድን ተደራጅቶ ወይም መሣሪያና አደገኛ ነገር ይዞ ከሆነ 671 ይመጣል፤ ንዑስ አንቀጽ 1 ከ5 እስከ 25 ዓመት ነው። ሰው ሞቶ ወይም ለዘለቄታው አካሉ ጎድሎ ሲገኝ ደግሞ እስከ ዕድሜ ልክና ሞት ይደርሳል። በወንድምሽ ጉዳይ ሁሉም ነገር የሚዞረው በዚያች ዱላ ላይ ነው። ምን ዓይነት ዱላ ነበረች? ጓደኛው እንደሚማታ ወንድምሽ ያውቅ ነበር? እሱ ራሱ ምን አደረገ? አብረው መከሰሳቸው ድርሻቸው እኩል ነው ማለት አይደለም። ክሱ ከ671 ወደ 670 ወርዶ ጥፋተኛ የሚባልበት አጋጣሚ አለ፤ ይህን የሚያወርደው ግን ክርክር እንጂ ልመና አይደለም።

ዋስትና የተከለከለውም በዚሁ በአንቀጹ ምክንያት ነው። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 63 ወንጀሉ 15 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ጽኑ እሥራት የሚያስቀጣ ሲሆን በሩን ሊዘጋ ይችላል። 

«ቶሎ እመን» ለሚሉት ምክር እኔ አልስማማም፤ ቢያንስ የክስ ማመልከቻውን ቃል በቃል ሳያነብ አይሁን። ዳኛው ክሱን አንብቦ ሲጠይቀው «አዎ፣ አጥፍቻለሁ» ካለ እምነቱ ክሱ ላይ የተጻፈውን ሁሉ ይጨምራል፤ ዱላውንም፣ መደራጀቱንም። በአንቀጽ 134 መሠረት ያለ ምስክር ወዲያው ጥፋተኛ ሊባል ይችላል። የሠራውን አምኖ ያልሠራውን መካድ ይችላል። «ስልኩን ወስጃለሁ፣ ዱላ ግን አልያዝኩም፣ አልመታሁም» ማለት መብቱ ነው፤ እንዲህ ሲል እንደ ክህደት ተመዝግቦ ዐቃቤ ሕግ ምስክሮቹን ያሰማል። ማስረጃው ካልበቃ ሳይከላከል በነጻ ይሰናበታል፤ ከበቃ «ይከላከል» ይባላል፤ የራሱን መከላከያ ማስረጃ ያቅርብ ማለት ነው።

ጠበቃ መግዛት ካልቻላችሁ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ፍትሕ የሚጓደል ሲሆን በመንግሥት ወጪ ጠበቃ ይቁምለት ይላል። ወንድምሽ ራሱ፣ የመጀመሪያው ቀጠሮ ላይ፣ «አቅም የለኝም፣ ተከላካይ ጠበቃ ይመደብልኝ» ብሎ ይናገር። አፍሮ ዝም እንዳይል ንገሪው።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ የተዘረፍኩት ነኝ፣ ከፍኖተ ሰላም። ሌባው ተይዟል፤ ገንዘቤን የማገኘው ሌላ ክስ ከፍቼ ነው?

መልስ፦ የግድ አይደለም ወንድሜ። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 154 የወንጀሉ ችሎት ሲከፈት እዚያው መዝገብ ላይ ካሣ እንድትጠይቅ ይፈቅድልሃል። በጽሑፍ፣ የጠፋብህን ዘርዝረህና መጠኑን ገልጸህ አቅርብ። ችሎቱ ጥያቄህ ክሱን ያወሳስበዋል ብሎ ካልተቀበለህ ያን ጊዜ በፍትሐ ብሔር ትከሳለህ። ስልክህ በኤግዚቢትነት (ለማስረጃ) ተይዞ ከሆነ ደግሞ ካርቶኑን ፈልግ። ጀርባው ላይ ያለው ረጅሙ መለያ ቁጥር ስልኩ ላይ ካለው ጋር ከገጠመ «የእኔ ነው» ለማለት ጥሩ ማስረጃ ይሆንሃል። ካርቶኑ ከሌለ የገዛህበት ደረሰኝ ወይም የሸጠልህ ሰው ይጠቅምሃል። ይህን ሁሉ ለመርማሪው ዛሬውኑ ስጠው፤ መዝገቡ ወደ ዐቃቤ ሕግ ሲሄድ አብሮ እንዲሄድ።