ልብሱን ገልብጣችሁ እዩት

ውድ ወጣቶች፦

በልብስ ስፌትና በፋሽን ሥራ ከአርባ ዓመት በላይ ከቆየሁ በኋላ፣ ከእናንተ ዘንድ ደጋግመው የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው የራስ የሆነ ስታይል እንዴት እንደሚገኝ፣ ሁለተኛው ደግሞ የፈጠራ ሐሳብ ከየት እንደሚመነጭ የሚጠይቅ ነው። ለብዙ ዓመታት እነዚህን ጥያቄዎች ለየብቻቸው ስመልስ ኖሬአለሁ። እያደር ግን ሁለቱም ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ መሆናቸውን፣ መልሳቸውም በልብሱ ውስጠኛ ገጽ ላይ እንደሚገኝ ስለተረዳሁ፣ ይህን ደብዳቤ ልጽፍላችሁ ወደድኩ።

ነገሩን ያስተማረኝ የገዛ ስሕተቴ ነው። ሥራውን በጀመርኩ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት፣ በአንድ መጽሔት ላይ ያየሁት ጃኬት እንቅልፍ ነሣኝ። ትከሻው ቀጥ ያለ፣ ወገቡ ሰብሰብ ያለ፣ ኮሌታው ከአንገት ጥቂት ፈቀቅ ብሎ የቆመ ነበር። ፎቶግራፉን ፊት ለፊቴ አስቀምጬ ንድፉን አወጣሁ፣ ጨርቁን ቆረጥኩ፣ ሰፋሁ፣ ተኮስኩ፤ ማንጠልጠያ ላይ ሳደርገውም ከሥዕሉ ጋር አንድ የሆነ መሰለኝ። የመጀመሪያው ሰው ለብሶት እጁን ወደ ላይ ሲዘረጋ ግን ጃኬቱ በሙሉ ከወገቡ ጀምሮ አብሮ ተነሣ፣ ኮሌታውም ጆሮውን ነካው። ያሠለጠኑኝ አዛውንት የስፌት ባለሙያ ምንም ሳይናገሩ ጃኬቱን ተቀበሉኝና ገልብጠው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ከዚያም በጣታቸው የብብቱን ቀዳዳ ዙሪያ እየተከተሉ፣ ቀዳዳው ዝቅ ብሎ ከተቆረጠ ክንድ በተነሣ ቁጥር የልብሱን አካል ጎትቶ እንደሚያነሣ፣ ለክንድ ነጻነት የሚሰጠው ወደ ብብት የቀረበ ቅድ መሆኑን አሳዩኝ። ፎቶግራፉ ይህን ሊነግረኝ አይችልም ነበር፤ የተነሣው ከፊት ነው፣ የለበሰችው ሞዴልም እጆቿን ወደ ታች አድርጋ ቆማለች። የቀዳሁት ሥዕሉን ነበር፤ ልብሱንማ ገና አላየሁትም።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ልብስ እጄ ሲገባ መጀመሪያ የማየው ውስጡን ነው። ገበሩ የት ላይ ላላ ተብሎ እንደተሰፋ፣ ደረቱ ውስጥ የገባው ማጠንከሪያ ጨርቅ እስከ የት እንደሚደርስ፣ በእጅ የተሰፋውና በመኪና የተሰፋው የት ላይ እንደሚገናኙ እመለከታለሁ። በስፌቱ ዳር የተተወው ጨርቅ ሰፋ ያለ ከሆነ፣ ሰፊው ልብሱ ብዙ ዓመት እንደሚኖር፣ የለባሹም ሰውነት ከዓመታት ጋር እንደሚለወጥ አስቦ መሥራቱን እረዳለሁ። ይህ ሁሉ የሌላ ሰው አሳብ ነው፤ ጽሑፉ ግን ከውጭ አይነበብም።

ታላላቆቹም የተማሩት በዚሁ መንገድ ነው። ቱኒዚያዊው ዲዛይነር አዜዲን አላያ በወጣትነቱ የተማረው ቅርጻ ቅርጽ ነበር። ስፔናዊው ዲዛይነር ክሪስቶባል ባሌንሲያጋ እ.ኤ.አ. በ1968 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የፋሽን ቤቱን በዘጋ ጊዜ፣ አላያ ከዚያ ቤት የተረፉ ልብሶችን አግኝቶ መሰብሰብ ጀመረ፤ እስከ ዕድሜው ፍጻሜም የቀደምት ዲዛይነሮችን ሥራዎች መሰብሰቡን አላቋረጠም። የሰበሰባቸው አቆራረጣቸውንና አሰፋፋቸውን ለማጥናት ጭምር ነበር። ይሁን እንጂ የአላያን ቀሚስ ያየ ሰው የባሌንሲያጋ ነው ብሎ አይሳሳትም። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል፤ ከውጭ የታየ ቅርጽ ሲወሰድ ቅጂ ይሆናል፣ ከውስጥ የተገኘ የአሠራር ዕውቀት ሲወሰድ ግን ወደ ተማሪው እጅ ገብቶ የተማሪውን መልክ ይይዛል።

የፈረንሳዊውን ዲዛይነር የኢቭ ሳን ሎራንን የ1965 ቀሚሶች ብዙዎቻችሁ በሥዕል ታውቋቸዋላችሁ፤ ከሠዓሊው ከፒየት ሞንድሪያን ሥራዎች የተወሰዱ፣ ነጭ፣ ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ አራት ማዕዘኖች በጥቁር መስመር የተከፋፈሉባቸው ቀሚሶች ናቸው። ስለ ፈጠራ መነሻ ሲነገር ይህ ምሳሌ ሳይጠቀስ አይቀርም፤ የሚጠቀሰው ግን አንድ ዲዛይነር ሥዕል አይቶ በልብስ ላይ አዋለው ተብሎ ብቻ ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ ሌላው ነገር ነው። ቀለማቱ በጨርቁ ላይ አልታተሙም፤ እያንዳንዱ አራት ማዕዘን ለብቻው ተቆርጦ ከጎረቤቱ ጋር ተሰፍቷል፣ ጠፍጣፋ የሚመስለው ቀሚስ የሴትን ገላ እንዲከተል የሚያደርገው ቅርጽ የማውጣት ሥራም በእነዚያ መስመሮች ስፌት ውስጥ ተደብቋል። ሥዕሉ ጠፍጣፋ ነው፣ ገላ ግን ጠፍጣፋ አይደለም፤ ፈጠራው ያለው የእነዚህን የሁለቱን ጠብ በማስታረቁ ላይ ነው። ሥዕሉን ያየው ሰው እልፍ ነበር።

ስለዚህ አንድ ነገር ሲማርካችሁ «ይህን እንዴት ልምሰል?» ከማለታችሁ በፊት «ይህ የፈታው ችግር ምን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ቀን ሙሉ ሊያስቀምጣችሁ ግን ይችላል፣ ብትቀመጡም አትጎዱም።

ጨርቁን ራሱን ስለመጠየቅ ደግሞ ፈረንሳዊቷን ዲዛይነር ማድሌን ቪዮኔን የሚስተካከላት መምህር አላውቅም። ጨርቅ ከድርና ከማግ የተሠራ ነው፤ ድሩ ወደ ርዝመቱ፣ ማጉ ወደ ጎኑ ይሄዳል፣ በሁለቱም አቅጣጫ ብትስቡት ብዙም አይለጠጥም። በሰያፍ፣ ማለትም በሁለቱ መካከል በ45 ዲግሪ ስትስቡት ግን ይለጠጣል፣ ሲንጠለጠልም በራሱ ክብደት እየወረደ ገላን ይከተላል። ይህን ከእርሷ በፊት የነበሩ ሰፊዎችም ያውቁት ነበር፤ ይገለገሉበት የነበረው ግን በአብዛኛው ለኮሌታና ለጠርዝ ነው። ቪዮኔ ቀሚሱን በሙሉ በሰያፍ ቆረጠች፤ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹም የእርሷ ልብሶች ያለ ጥብቅ የውስጥ መደገፊያ በሴቲቱ ሰውነት ላይ እንደ ውኃ ይወርዱ ነበር። ስትሠራ ንድፍ በወረቀት ከመሣል ይልቅ ቁመቷ የሰው ግማሽ በሚያህል የእንጨት አሻንጉሊት ላይ ጨርቅ እያጠመጠመች ትፈትን ነበር። እናንተም ዛሬ ማታ ይህን ልታደርጉት ትችላላችሁ። አራት ማዕዘን የሆነ ስስ ጨርቅ ውሰዱና መጀመሪያ በአንድ ጎኑ ሁለት ጫፍ፣ ቀጥሎ በአንድ ማዕዘኑ ብቻ ይዛችሁ አንጠልጥሉት። ጨርቁ አንድ ነው፤ አወራረዱ ግን የሁለት ጨርቆች ይሆንባችኋል። ይህን በእጃችሁ ካልያዛችሁት ስለ ሰያፍ ቅድ መቶ ገጽ ብታነቡም አይገባችሁም።

የጨርቅ እጥረት የገጠማችሁ፣ የምትፈልጉትን ዓይነት ዕቃ ማግኘት ያቃታችሁ እንዳላችሁም አውቃለሁ። ፈረንሳዊቷ ዲዛይነር ኮኮ ሻኔል በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የሴቶች ልብስ የሠራችበት ጀርሲ የተባለው፣ እንደ ሹራብ ተጠልፎ የሚሠራ ተለጣጭ ጨርቅ፣ በዚያን ጊዜ በአብዛኛው ለወንዶች የውስጥ ልብስ የሚውል፣ ጥሩ ልብስ ሰፊዎች የማይነኩት ነበር። ጀርሲ በጠባቡ ሲሰፋና ብዙ ጌጥ ሲጫንበት አይመችም፤ ስለዚህ ልብሷ ቀለል ያለ፣ ከገላ ላላ ያለ ሆነ። ዛሬ የሻኔል ስታይል የምንለው ነገር አንዱ ሥሩ ያ ጨርቅ የሚፈቅደውንና የማይፈቅደውን ማክበሯ ነው። ጃፓናዊቷ ዲዛይነር ሬይ ካዋኩቦ ደግሞ በ1982 ቀዳዳ ቀዳዳ ያለባቸውን ዝነኛ ሹራቦቿን ስታቀርብ፣ ብዙ ሰው የተበላሸ ልብስ ያየ መስሎት ተቆጣ። እርሷ ግን የሹራብ መኪናው እኩልና እንከን የለሽ አድርጎ ከመሥራት ልማዱ እንዲወጣ አስባበት ያደረገችው ነበር። ካዋኩቦ ፋሽን በትምህርት ቤት አልተማረችም።

ጃፓናዊውን ዲዛይነር ኢሴ ሚያኬን ሳልጠቅስ ባልፍ ቅር ይለኛል። ሽንሽን ልብስ ሲሠራ የተለመደው ጨርቁን አስቀድሞ ሸንሽኖ ከዚያ መቁረጥና መስፋት ነው። ሚያኬ ቅደም ተከተሉን ገለበጠው፤ ልብሱን ከሚፈለገው መጠን ከሁለት ተኩል እስከ ሦስት እጥፍ አድርጎ ከሰፋ በኋላ፣ በወረቀት መካከል አድርጎ በሙቀት መተኮሻ ውስጥ በማሳለፍ ይሸነሽነው ነበር። ሽንሽኑ ሲታጠብ አይጠፋም፣ ካውያም አያስፈልገውም። አሠራሩ እየዳበረ ሳለ ለዳንሰኞች ልብስ አዘጋጅቶ ነበር፤ ዳንሰኞቹም በልብሱ እንዴት እንደሚዘሉና እንደሚተጣጠፉ አየ። በ1993 ለሕዝብ የወጣው የሽንሽን ልብስ የንግድ መለያው ከዚያ ምልከታ ብዙ ነገር አግኝቷል።

ይህም ወደ ሰውነት ያደርሰኛል፤ ከጨርቅ ይበልጥ የምታከብሩት እርሱ ሊሆን ይገባል። በአንድ ወቅት ቀሚስ የሰፋሁላት አንዲት ሴት ቀኝ ትከሻዋ ከግራው ዝቅ ያለ ነበር። ልኳን ስወስድ አይቼዋለሁ፣ ነገር ግን ልብስ ሁለት ጎኑ እኩል መሆን አለበት ብዬ ስለተማርኩ እኩል አድርጌ ቆረጥኩት። በለበሰችው ጊዜ ከቀኝ ብብቷ ወደ ወገቧ የሚወርድ የማይጠፋ መጨማደድ ተፈጠረ፤ እርሷም በመስተዋቱ ፊት ቀኝ ትከሻዋን በግድ ወደ ላይ ስባ ቆመች። ያንን አቋቋሟን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። እኔ ያላስተካከልኩትን በገዛ ገላዋ ልታስተካክልልኝ ትሞክር ነበርና። ቀሚሱን ተርትሬ ሁለቱን ጎኖች በየራሳቸው ልክ እንደገና ቆረጥኩ፤ በኋላ ላይ የአንገቱን መስመር ሆን ብዬ በአንድ ወገን ዝቅ ያደረግሁባቸው፣ ሰዎች የእኔ መለያ ነው የሚሏቸው ቀሚሶች የተወለዱት ከዚያች ሴት ትከሻ ነው። ሐሳቡን ከየት እንዳመጣሁት ብትጠይቁኝ ሌላ መልስ የለኝም።

አሁን ወደ ራሳችሁ አለባበስ ልመለስ። የራስን ስታይል የሚፈልግ ወጣት አብዛኛውን ጊዜ ፍለጋውን የሚጀምረው ገና ያልገዛውን ልብስ በማሰብ ነው። እኔ የምመክራችሁ ያረጀውን ልብሳችሁን አውጥታችሁ እንድትመረምሩ ነው። ክርኑ የሳሳው የቱ ነው? ኪሱ የተቀደደው፣ የእጅጌው ጠርዝ የተበላው የቱ ነው? ቁልፉ ሁለት ጊዜ ተበጥሶ መልሳችሁ የተከላችሁለትስ? ለእነዚህ ልብሶች ታማኝ የሆናችሁት ማንም ሳያዛችሁ ነው፤ ምክንያቱን ለማወቅም ገልብጣችሁ እዩአቸው። እኔ ይህን ባደረግሁበት ጊዜ የሃያ ዓመት ልብሶቼ በአንድ ነገር ይመሳሰሉ ነበር፤ የሁሉም ኮሌታ ከአንገት ፈቀቅ ያለ፣ የሁሉም እጅጌ ከእጅ አንጓ ከፍ ያለ ነው። ለካ ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ አጎንብሶ የሚሠራ ሰው አንገቱን የሚነካ ኮሌታና በጨርቁ ላይ ያሰመረበትን ጠመኔ የሚጠርግ እጅጌ አይወድም። ምርጫዬ ብዬ የኮራሁበት ነገር የሥራዬ ቅርጽ ነበር፤ ይህን ካወቅሁ በኋላም ለሌሎች ስሰፋ አስቀድሜ የምጠይቀው ስለሚወዱት ቀለም ሳይሆን ቀናቸውን በምን አቋም ላይ እንደሚያሳልፉ ሆነ።

የጎዳና አለባበስ ፎቶግራፍ አንሺው ቢል ከኒንግሃም፣ በ2016 እስካረፈበት ጊዜ ድረስ ለአሥርተ ዓመታት በኒው ዮርክ ጎዳናዎች በብስክሌት እየተዘዋወረ የሰዎችን ልብስ ሲያነሣ፣ እርሱ ራሱ ይለብስ የነበረው የፈረንሳይ ሠራተኞች የሚለብሱትን ባለ ኪስ ሰማያዊ ጃኬት ነው። በየኪሱ ፊልም ይይዝበት ነበር። ያን ጃኬት ብዙዎች ዛሬም ከስሙ ጋር ያያይዙታል፤ እርሱ ግን የመረጠው ስለሚጠቅመው ነው።

በስልካችሁ ስለምታዩአቸው ሥዕሎች ብዙ አልልም፤ ከእኔ መጽሔት የሚለዩት በብዛታቸው ነው። የሌላ ሕዝብ ጥልፍ ወይም ሽመና ሲማርካችሁ ግን ከሥዕል አትውሰዱት፤ የሚሠሩትን ሰዎች ፈልጋችሁ ከእጃቸው ተማሩ፣ ስማቸውን ጥሩ፣ ድካማቸውን ክፈሉ።

ሐሳብ የሚነጥፍበት ወራት በሁላችሁም ላይ ይመጣል። ባሌንሲያጋ በእጅጌ ጉዳይ ዕረፍት የማያውቅ ሰው ነበር፤ ያለቀ ልብስ ላይ እጅጌውን ነቅሎ እንደገና ይተክል ነበር ይባልለታል። እኔም በድርቅ ጊዜዬ ሌላ መድኃኒት አላገኘሁም፤ አሮጌ ጃኬት እፈልግና እተረትራለሁ፣ እጄ ሥራ ከያዘ በኋላ አሳቤ ይከተላል።

እናንተም ስትጀምሩ እንዲህ አድርጉ። ጥሩ የተሰፋ፣ ማንም የማይፈልገው አሮጌ ጃኬት ፈልጉ። መቀስ ከማንሣታችሁ በፊት በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ በጠመኔ ቁጥር ጻፉበት፣ ድሩ የሚሄድበትንም አቅጣጫ በቀስት አመልክቱ፤ ከተለያዩ በኋላ የትኛው የየት እንደነበረ አይታወቅም። ክሩን በየሦስተኛው ወይም በየአራተኛው ስፌት እየቆረጣችሁ ከጀርባው በቀስታ ምዘዙት፣ ጨርቁን አትጎትቱ። እጅጌው በብብቱ ቀዳዳ ላይ ሲገባ ከቀዳዳው የሚበልጠው ትርፍ ጨርቅ የት ላይ እንደተሰበሰበ ሜትር አውጥታችሁ ለኩና ጻፉ። የምትተረትሩት ግን አንዱን ጎን ብቻ ይሁን፤ ሌላው ጎን እንደተሰፋ ይቆይ፣ መልሳችሁ ስትሰፉ ግራ ሲገባችሁ የምታመሳክሩት በእርሱ ነውና።