ከደጋ ወደ ባቲ ለምትወርጂው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ሳቄ መጣ። «ከወረኢሉ ነን፣ የባለቤቴ ሥራ ወደ ባቲ ተዛወረ፣ ልጆቼ ከብርድ በቀር አያውቁም፣ ‹የቆላ ሰው ደጅ ነው የሚውለው› ሲባል ደስ ይለኛል፤ ግን በዚያ ሙቀት እውነት ደጅ ይዋላል ወይ?» ነው ያልሽው። እኔም ከስድስት ዓመት በፊት ከደሴ ስወርድ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ይህንኑ ነበር የምጠይቀው። ልብስ ሰፊ ነኝ። ደሴ በሬን ዘግቼ፣ እግሬን በጋቢ ጠቅልዬ ነበር የምሰፋው። ዛሬ የስፌት መኪናዬ በረንዳ ላይ ነው የሚውለው።

ይዋላል። ሰዓትሽን ግን መቀየር አለብሽ።

ደጋ ላይ ፀሐይ እስክትሞቅ ነው የሚጠበቀው። ደሴ ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ላይ ሳይነሳ ማን ይወጣል? ሦስት ሰዓት፣ አራት ሰዓት ላይ ነው ሰው ሰው የሚሆነው። እኔም ይህንኑ ልማድ ይዤ ወረድኩ። ገና ሳምንት ሳይሞላኝ፣ አንድ ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ክር ልገዛ ወጣሁ። መንገዱ ጭር ብሏል። ጎረቤቴ አሮጊት ከግራሯ ሥር ሆነው፣ «ልጄ፣ ውሻው እንኳን ጥላ ይዟል፣ አንቺ ወዴት ነሽ?» አሉኝ። ሳቅሁና አለፍኩ። ስመለስ ግን ራሴን አዞረኝ፤ በራቸው ላይ ተቀመጥኩ። ውሃ በስኳርና በትንሽ ጨው በጥብጠው ሰጡኝ። «አብሽሪ፣ ሁሉም ደገኛ አንድ ቀን እንዲህ ይሆናል» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ቀኔ ሌላ ሆነ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እነሳለሁ። የከሰል ካውያ የሚነካውን ሥራ ሁሉ እስከ ሁለት ሰዓት እጨርሳለሁ። ገበያ፣ ወፍጮ፣ ልብስ ማጠብ፣ ሁሉም ከአራት ሰዓት በፊት። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ተኩል ጥላ ሥር ነኝ፤ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ጠርዝ እዘመዝማለሁ፣ ካልሆነም ጋደም እላለሁ። አሥር ሰዓት ሲሆን ከተማው እንደገና ይነሳል። ልጆች ኳስ ይዘው የሚወጡት፣ ቡና ደጅ የሚፈላው ያኔ ነው። ደሴ በዚያ ሰዓት ሹራብ እየፈለግሽ ነው።

ሙቀቱ ምን ያህል ነው ላልሽው፦ አገር ዝቅ ባለ ቁጥር በየ1000 ሜትሩ ወደ 6 ዲግሪ ይጨምራል ይባላል። ደሴ 2500 ሜትር አካባቢ ነው፤ ባቲ ከዚያ 1000 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። የእናንተ ወረኢሉ ደግሞ ከደሴም በላይ ነው፤ ልዩነቱን አስቢው። ግንቦትና ሰኔ ይከብዳሉ። ከኅዳር እስከ ጥር ግን፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ከዚያ የተሻለ አየር አላውቅም። ከቻላችሁ ያኔ ውረዱ። ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ አንድ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። በእነዚያ ቀናት ልጆቹን በቀትር አታሩጫቸው፣ ሳይጠማቸውም አጠጫቸው። ሹራቡን ወዲያ በይው። ሰፋ ያለ ጥጥ ልብስ ነው የሚያዋጣው። ይሄን የምልሽ ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ አይደለም፤ ናይለኑ ገላ ላይ ሲጣበቅ ራስሽ ታዪዋለሽ። ባለቤትሽም ውሎ አድሮ ሽርጥ መልበሱ አይቀርም። የእኔው «እኔ ሽርጥ?» ሲል ነበር፤ አሁን ከሥራ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

ሰኞን ለብቻዋ ላንሳት። ባቲ ሲባል ብዙ ሰው ቅኝቱን ነው የሚያስታውሰው፤ ለእኔ ግን ባቲ ማለት ሰኞ ነው። ከደጋው እህል ተጭኖ ይወርዳል፤ ከአፋር በኩል ግመል፣ ፍየልና ቅቤ ይመጣል። አማርኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ አንድ ድርድር ውስጥ ሲቀላቀል ትሰሚያለሽ። በማለዳ ሂጂ፣ ልጆቹንም ይዘሻቸው። ግመል ተራ ጋ አንድ ሰዓት ቢቆሙ አይሰለቹም። የእኔ ትንሹ መጀመሪያ ቀን ግመሉ ሲያመነዥክ አይቶ «ማስቲካ ይበላል» አለ። እስከ ዛሬ እንስቅበታለን። ረፋዱ ላይ ግን አቧራውም ሙቀቱም ስለሚበረታ ውጡ።

አሁን ደስ ወደማይለው ልምጣ፤ ወባ። የወረኢሉ ልጅ ወባን በስም ነው የሚያውቃት። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። የመጀመሪያ ዓመቴ ጥቅምት ላይ ምሽቱ ሲጥመኝ እግሬን ገልጬ እስከ ሦስት ሰዓት ደጅ እቀመጥ ነበር። ከዚያ ለሠርግ ደሴ ወጣሁ። በሦስተኛው ቀን ብርድ ብርድ አለኝ። የደሴ ብርድ መታኝ ብዬ ዝንጅብል አፈላሁ፣ የራስ ምታት ኪኒን ዋጥኩ፣ ሁለት ቀን ተጋደምኩ። የወሰዱኝ ጤና ጣቢያ ነርሷ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፦ «ከየት ነው የመጣሽው?» ደም ሲታይ ወባ ሆነ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ትንኟ ከነከሰችሽ በኋላ ሕመሙ እስኪወጣ አንድ ሁለት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ደጋ ለጥየቃ ወጥታችሁ ልጅ ቢያተኩሰው፣ ከቆላ መምጣቱን ቀድመሽ ተናገሪ። ባቲ ሆናችሁም ትኩሳት ካለ በዚያው ቀን አስመርምሪ። ክፉው ጊዜ ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። ጥሩ አየር ያልኩሽና ወባው ኅዳር ላይ መገናኘታቸው ያናድዳል፤ ግን እንደዚያ ነው።

አጎበር ለአልጋ ነው፤ ደጅ ቡና ስትጠጪ አያድንሽም። ጀንበር ስትጠልቅ ለሁሉም ረጅም እጅጌና ቁምጣ ያልሆነ ሱሪ፣ እግር ሽፍን። በግቢው ውሃ ያቆረ ጎማም ሆነ ጉድጓድ ካለ ድፈኚው። በሙቀቱ ወራት ብዙ ሰው ግቢ ውስጥ ይተኛል። እኛም ጠፍር አልጋውን እናወጣለን። በአራቱ እግሮች ላይ እንጨት እናስርና አጎበሩን እንወጥራለን፤ ጠርዙ ከፍራሹ ሥር በደንብ ይገባል። ኮከብ እያየሽ መተኛት ከደጋ ለመጣ ሰው ብርቅ ነው። ጠዋት ግን ጫማሽን ሳታራግፊ እንዳታጠልቂ። ጊንጥ አለ።

ደግሞ ወንዝ። በበጋ የደረቀው ወንዝ አሸዋው ነጭ ነው፣ ለልጆች መጫወቻ ይመስላል። ደጋው ላይ ከዘነበ ግን እዚህ ጠብ ሳይል ደራሽ ውሃ ይመጣል። አንድ ጊዜ እረኛ «ውጡ! ውጡ!» ብሎ ጮኾብን ነው ከልጆቹ ጋር የወጣነው። ድምፁን መጀመሪያ የመኪና ነበር የመሰለኝ። ቀጥሎ ቡናማው ውሃ ግንድ ተሸክሞ መጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ ምዕራብ ተራራው ከጠቆረ አሸዋው ላይ አንወርድም። የተኛ ወይም ቀስ ብሎ የሚሄድ ውሃ ውስጥም ልጆቹ አይንቦራጨቁ፤ ቢልሃርዚያ የሚባለው የትል በሽታ የሚይዘው በእሱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ባለቤትሽ አይስማኝ። የቀትር ጥላ ረጅም ነው፤ ለብዙ ወንዶች የሚሞላው በጫት ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቦታ የያዘ ሰው አሥር ሰዓት ላይ ከልጆቹ ጋር አይወጣም። የእኔውን በአትክልት ነው ያስያዝኩት። ፓፓያ ተክሏል፣ የልብስ ማጠቢያው ውሃ እሱ ላይ ይደፋል። ባቄላ ልሞክር ብሎ ነበር፣ ፀሐይ አቃጠለችበት።

ቤት ስትፈልጉ ከኪራዩ በፊት ጣሪያውን እዪ። ቆርቆሮ ብቻ ሆኖ ኮርኒስ ከሌለው በስምንት ሰዓት ምጣድ ነው። በረንዳው ወደ ምዕራብ ካየ ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ሙሉ ይገባበታል፣ ደጅ ያልሽው ነገር ይቀራል። ወደ ምሥራቅ የሚያይ፣ ግቢው አንድ ዛፍ ያለው ቢሆን ኪራዩ ትንሽ ቢጨምርም ያዙት። ዛፍ ከሌለው እኛ እንዳደረግነው በእንጨትና በሣር ዳስ ጣሉ፤ ግማሽ ቀን ሥራ ነው። ጋቢውን ግን ወረኢሉ ጥለሽው እንዳትመጪ፤ ታኅሣሥ ላይ ደጅ ስታድሪ ሊነጋ ሲል ትፈልጊዋለሽ።