ከልጆች ጋር ስዊዘርላንድ፣ ያለ አስጎብኚ

እህቴ፣ የ5 እና የ9 ዓመት ልጆች ይዘሽ በረዶውንም ሐይቁንም በራስሽ ፕሮግራም ማየት ይቻል እንደሆነ ጠይቀሻል። በደንብ ይቻላል፤ እኛም ሞክረነዋል።

ማረፊያሽን ኢንተርላከን አድርጊ። ከተማዋ በቱን እና በብሪየንዝ ሐይቆች መሃል ናት፤ በየቀኑ ሻንጣ ማሰር የለም። ማብሰያ ያለው አፓርታማ ያዢ፣ የምግብ ቤቱ ዋጋ ያስደነግጣል። እሁድ አብዛኛው ሱቅ ዝግ ስለሆነ አስቤዛሽን ቅዳሜ ጨርሺ። እኛ ይህን ሳናውቅ ቀኑን ሙሉ በብስኩት ውለናል!

ስዊስ ትራቨል ፓስ የሚባለው የጉዞ ትኬት ባቡሩንም የሐይቁን መርከብም ይሸፍናል። ትልቁ ልጅሽ በፋሚሊ ካርድ ከአንቺ ጋር በነፃ ይሄዳል፤ ካርዱ ራሱ አይከፈልበትም፣ ግን መጠየቅ አለብሽ። ትንሹ ከ6 ዓመት በታች ስለሆነ ነፃ ነው።

በረዶውን የምታዩበት የተራራ ቦታ፣ ዩንግፍራውዮኽ ላይ ግን ፓሱ ቅናሽ እንጂ ሙሉውን አይሸፍንም። ባቡር ጣቢያው 3,454 ሜትር ላይ ነው፣ ሐምሌ ላይም ጃኬት ያስፈልጋል። ትኬቱን ለመግዛት አትቸኩዪ። ጠዋት የተራራውን የቀጥታ ካሜራ እዪ። ጉም ከሸፈነው ገንዘብሽን አትጣዪ፤ ላውተርብሩነን የምትባለው መንደር ሄዳችሁ ፏፏቴውን እዩ። የእኔ ልጆች እንዲያውም ከበረዶው ይልቅ እሱን ነው የሚያወሩት።