ባትሪ ቤት ለሚሠራ ሰው የደም ወይስ የሽንት ምርመራ?

ወንድሜ፣ ደብረ ማርቆስ ባትሪ ቤት የሚሠራው ታናሽህ እርሳስ (ባትሪ ውስጥ ያለው መርዛማ ብረት) በሰውነቱ ገብቶበት እንደሆነ በደም ይታይ ወይስ በሽንት ብለሃል። በደም ይሁን። ሽንት እንደ ካድሚየምና ሜርኩሪ ላሉ ሌሎች መርዛማ ብረቶች ጥሩ ነው፤ ለእርሳስ ግን የሚታመነው ደም ነው። ፀጉር የሥራ ቦታውን አቧራ ስለሚይዝ ያሳስታል። የተለመደው የደም ምርመራ እርሳስን አይለካም፤ ስለዚህ ላቦራቶሪውን አስቀድመህ ጠይቅ። ከጣት ሳይሆን ከደም ሥር ይቀዳለት፤ ክንዱንም በሳሙና ይታጠብ። ውጤቱ በዋናነት ያለፉትን ሳምንታት ነው የሚያሳየው። አጥንት ውስጥ ግን እርሳስ ለዓመታት ይቀመጣልና ዝቅተኛ ቁጥር ብቻውን አያዘናጋህ። የዓለም ጤና ድርጅት በዴሲሊትር 5 ማይክሮግራም ከደረሰ ምንጩ እንዲፈለግና መጋለጡ እንዲቀነስ ይመክራል። ልጆች ካሉት እባክህ የሥራ ልብሱን ቤት ይዞ አይግባ፤ እነሱም ይመርመሩ።